ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦ ሦስት መቶው ፍጥነት አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ አሮጌ የአሜሪካ መኪኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ጋራዥ ውስጥ ምሳ ላይ ሆኜ አነበብኩት። እጄ ግራሶ ስለነበረ የጋዜጣው ጠርዝ ጠቁሯል፤ ሁለት ጊዜ ስላነበብኩትም ሁለቱም ጠርዝ ጠቁሯል። ጸሐፊው የመኪና ፍቅር እንዳለው ያስታውቃል፣ እግዜር ይስጠው። ክራይዝለር 300 ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ተምታታበት። 300 የሚለው ቁጥር የመኪናው ፍጥነት ነው አለ። ቀጥሎ መኪናውን “ክሮምና ክንፍ እንጂ ሌላ የለውም” ብሎ አለፈው (ክንፍ ያለው ከኋላ በሁለቱ ጎን የቆመውን ቆርቆሮ ነው)። ከሥር የተለጠፈው ፎቶም መግለጫው ትክክል አልነበረም፤ ወደሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ዝም ብዬ ማለፍ ይቻለኝ ነበር። ነገር ግን ጽሑፉን ባነበብኩበት ሰዓት ከእነዚሁ መኪኖች አንዱ፣ የ1960ው 300ኤፍ፣ ሦስት ሜትር ርቆኝ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ ነበር። እየሰማ የታማ መሰለኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እዚህ መኪናው የሚታወቀው በዚያ ነው።)

ስለ ራሴ ባጭሩ። ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ አካባቢ፣ ካንዴላ በማጽዳትና ለጌታዬ ሻይ በመላላክ ነው። መጀመሪያ ፈትቼ የገጠምኩት ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ) የፊያት ሰይቼንቶ ነበር፤ በአንድ እጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ነገር። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ አሮጌ መኪና ብቻ የሚሠራ ትንሽ ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከአገር ይዤው የመጣሁት ቋንቋ ስላልለቀቀኝ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ እያልኩ ነው የማወራው። አሜሪካኖቹ የሥራ ጓደኞቼም ለምደውታል፤ አንዱማ “ካቻቢቴ” ማለት ተምሯል።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ። በ1955 ክራይዝለር ሲ-300 የሚባል መኪና አወጣ። 300 የተባለው የሞተሩ ጉልበት 300 ፈረስ ስለነበረ ነው። በዚያን ጊዜ በመደብር ለሕዝብ የሚሸጥ የአሜሪካ መኪና እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሞተሩ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 5.4 ሊትር፣ ሄሚ የሚሉት ዓይነት ነው። ሄሚ ማለት የቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) የውስጥ ጣሪያ፣ ቤንዚኑ የሚነድበት ቦታ፣ እንደ ተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ክብ ነው ማለት ነው። ጣሪያው ክብ ሲሆን ቫልቮቹን፣ የአየሩን መግቢያና መውጫ በሮች፣ ትልልቅ አድርጎ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ይቻላል፤ አየሩ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ሳይጨናነቅ ይወጣል። ከላይ ባለ አራት ጉሮሮ ካርቡራተር ሁለት ተቀምጦበታል።

የሚገርመኝ ግን ሞተሩ አይደለም፤ ሞተሩ ቀድሞም ነበር። የሚገርመኝ መኪናው የተሠራበት መንገድ ነው። ሮበርት ሮጀር የሚባለው መሐንዲስ ሐሳቡን ሲያመጣ አዲስ ቦዲ የሚያሠራ ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ መጋዘን ገቡ። ሁሉንም ከራሱ ከኩባንያው ሌሎች መኪኖች፦ የፊት ፍርግርጉን ከኢምፔሪያል ወሰዱ፣ ቦዲውን ከኒውዮርከር፣ የኋላ ጎኑን ከዊንድሰር። ጋቢ ከአጎቱ፣ ጫማ ከወንድሙ ተውሶ ሠርግ የሄደ ጎረምሳ በሉት፤ ሠርጉ ላይ ደርሶ ግን ሙሽራውን አስረሳ። ቀለሙ ጥቁር፣ ቀይ ወይም ነጭ፣ ሌላ ምርጫ የለም። ውስጡ ቡናማ ቆዳ። ዋጋው ከ4,000 ዶላር በላይ ስለነበረ በዚያ ዓመት የተሠራው 1,725 ብቻ ነው።

“ክሮምና ክንፍ” ለሚለው ደግሞ መልሱ ዊስኮንሲን ውስጥ አለ። ካርል ኪክሄፈር የሚባል፣ ሜርኩሪ የተባለውን የጀልባ ሞተር የሚሠራ ሀብታም ፋብሪካ ባለቤት፣ ሞተሩን ለማስተዋወቅ ብሎ እነዚህን መኪኖች ገዝቶ ናስካር የሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ውስጥ አስገባ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች መኪናቸውን እየጎተቱ በሚመጡበት ዘመን እሱ በትልልቅ ዝግ መኪና ጭኖ፣ መካኒኮቹን አንድ ዓይነት ልብስ አልብሶ ነበር የሚመጣው። በ1955 ቲም ፍሎክ በኪክሄፈር መኪና 18 ውድድር አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ ያን ቁጥር ሪቻርድ ፔቲ በ1967 እስኪሰብረው ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት የነካው የለም። በማግሥቱ ዓመት የኪክሄፈር ቡድን 16 ውድድር በተከታታይ አሸነፈ፣ ዋንጫውን ባክ ቤከር ወሰደ። ከዚያ ሰውየው ጥሎ ወጣ። ተመልካቹ ሁልጊዜ አንድ ሰው ሲያሸንፍ ማየት ሰልችቶት ይጮህበት ነበር፤ የጀልባ ሞተር ሊያስተዋውቅ መጥቶ ጠላት አፍርቶ መመለስ ምን ይጠቅመዋል?

ያንን ውድድር ያሸነፈው መኪና ደግሞ ቅዳሜ ማታ ባልና ሚስት ሬስቶራንት የሚሄዱበት፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ (ማርሽ መቀየሪያ) ያለው፣ ስድስት ሰው የሚይዝ መኪና ነው። ጸሐፊው የአሜሪካ ፈጣን መኪና በ1964 በፖንቲያክ ጂቲኦ ተጀመረ ይላል። ጂቲኦ ሌላ ነገር ነው፤ መካከለኛ መኪና ውስጥ ትልቅ ሞተር ከትተው ለወጣት በርካሽ የሸጡት። 300 ካባውን ሳያወልቅ የሚሮጥ ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አንመዝን።

አንድ ነገር ግን ጸሐፊው ሊያነሳው ሲገባ ያላነሳው አለ፤ ለእሱ ክርክር የሚጠቅመው ስለሆነ እኔው ላንሳለት። የዚያን ጊዜ የፈረስ ጉልበት ከዛሬው ጋር አይወዳደርም። ያኔ ሞተሩን ብቻውን መለኪያ ላይ አስቀምጠው፣ ያለ አየር ማጣሪያ፣ ያለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ)፣ ዲናሞ እንኳ ሳያዞር ነበር የሚለኩት። ከ1972 ጀምሮ የአሜሪካ ፋብሪካዎች መኪናው ላይ እንደተገጠመ ሞተሩ የሚሰጠውን ማሳወቅ ያዙ፤ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ወረደ። ስለዚህ የ1955 300 ፈረስ የዛሬ 300 ፈረስ አይደለም። ጎረቤቴ የሚነዳት የቤተሰብ መኪና በወረቀት ትስተካከለዋለች፤ በዚህ ሊስቅብኝ ይሞክር ነበር። ጎረቤቴን አንድ ቀን 300ኤፉ ውስጥ አስቀምጬ ነዳጅ መስጫውን በእርጋታ ረገጥኩት። ከዚያ ወዲህ አልሳቀም።

ምክንያቱ ቶርክ የምንለው የመጠምዘዝ ኃይል ነው። ይኸው ፊቴ ያለው 300ኤፍ 6.8 ሊትር ሞተር አለው። ሄሚው በ1958 ቀርቶ በ1959 በቀለለውና በረከሰው ሞተር ተተክቷል፤ የሄሚ ወዳጆች እስከ ዛሬ ይቆጫሉ። እኔ አልቆጭም፣ ምክንያቱም በ1960 መሐንዲሶቹ አዲሱ ሞተር ላይ አንድ ጉድ ሠሩበት። ኮፈኑን ስትከፍቱ ሞተሩ አይታይም። የሚታየው ስምንት ረዣዥም የአሉሚኒየም ቧንቧ፣ አራቱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አራቱ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንደ ተጠላለፉ ጣቶች ሞተሩ ላይ ተሻግረው ነው። የግራው ካርቡራተር የቀኙን አራት ሲሊንደር ይመግባል፣ የቀኙ የግራውን። ካርቡራተሮቹ ራሳቸው ሞተሩ ላይ አይደሉም፤ ከጎን፣ ከፓራፋንጎው አጠገብ ተንጠልጥለዋል። እያንዳንዱ መንገድ 30 ኢንች ነው፣ 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ።

ለምን እንዲህ ረዘመ? አንድ ጊዜ ተለማማጄ ሲጠይቀኝ በጠባብ የቤተ ክርስቲያን በር ምሳሌ ነገርኩት። ሰው እየሮጠ ሊገባ ሲል በሩ በድንገት ይዘጋል፤ የፊተኛው በሩን ይላተማል፣ የኋለኛው እሱን ይገፋዋል፣ ግፊያው ወደ ኋላ ተላልፎ ሰልፉ ጫፍ ደርሶ ተመልሶ ይመጣል። ያ ግፊያ ተመልሶ በሩ ጋ በሚደርስባት ቅጽበት በሩ ቢከፈት፣ ማንም ሳይጋብዘው ሰው በጅምላ ይገባል። አየሩም እንዲሁ ነው። ቫልቩ ሲዘጋ የአየሩ ግፊት ቧንቧው ውስጥ ወደ ኋላ ሄዶ ይመለሳል፤ የቧንቧው ርዝመት የተሰላው ግፊቱ ተመልሶ ሲመጣ ቫልቩ ክፍት ሆኖ እንዲያገኘው ነው። ስሌቱ የሚገጥመው ሞተሩ በደቂቃ 2,800 ዙር ገደማ ሲዞር ነው፤ እዚያ ላይ 495 ፓውንድ-ፉት ቶርክ ይሰጣል። ማለትም በውድድር ሜዳ ጩኸት ላይ ሳይሆን፣ ሰው ከተማ ጨርሶ አውራ ጎዳና ሲገባ፣ መኪና ሊቀድም ሲል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 375 ፈረስ ነው። ቁጥሩን እርሱት፤ ወንበሩ ጀርባችሁን ሲገፋ ቁጥር አይታያችሁም።

400 ፈረስ የሚሰጥም ነበረው፣ በጣት የሚቆጠር። የእሱ ቧንቧ ከውጭ ሲታይ ያው ነው፤ ከውስጥ ግን መንገዶቹን የሚለየው ግድግዳ ግማሽ ድረስ ተነሥቶ መንገዱ ወደ 15 ኢንች አጥሯል፣ ግፊያው ቶሎ እንዲመለስ። ካምቢዮውም አውቶማቲክ ሳይሆን ከፈረንሳይ የመጣ፣ ፖንታ ሙሶን የሚባል፣ ባለ አራት ማርሽ ነው። እንዲህ ያሉት በዚያው ዓመት ፍሎሪዳ ውስጥ ዴይቶና የባሕር ዳር አሸዋ ላይ በሰዓት 145 ማይል ገደማ ሄደዋል፣ 233 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ወደ ሁለት ሺህ ኪሎ በሚመዝን፣ ቆዳ በለበሰ ሳሎን።

የደንበኛችን መኪና አውቶማቲኩ ነው። ሽማግሌው በ1966 ያገለገለ ገዝተው እስካሁን አልለቀቁትም። ወደኛ ያመጡት ጠዋት ጠዋት ሲነሣ ያስላል፣ ይንገዳገዳል፣ ከሞቀ በኋላ ጤነኛ ነው ብለው ነው። ከእኛ በፊት ሌላ ጋራዥ ካርቡራተሮቹን ሁለት ጊዜ አድሶ ሁለት ጊዜ አስከፍሏቸዋል። እኔም መጀመሪያ እነሱኑ ጠረጠርኩ። አንድ የጎማ ቱቦ ጫፉን ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የካርቡራተሩ ጉሮሮ ላይ አድርጌ የአየሩን ፉጨት ሰማሁ፤ ግራው፣ ቀኙ፣ እንደገና ግራው። አንድ ዓይነት ነው። የታደሱትም በደንብ ነው። ሁለት ቀን ከፈጀብኝ በኋላ ነው ከሥር መመልከት የመጣልኝ። ካርቡራተሮቹ ከሞተሩ ርቀው ስለተንጠለጠሉ ሙቀት አያገኙም፤ ስለዚህ ፋብሪካው ከጭስ ማውጫው ትኩስ ጭስ እየመጣ ከሥራቸው የሚያልፍበት መንገድ ሠርቶላቸዋል። ያ መንገድ በሁለቱም ጎን በቆርቆሮ ተደፍኗል። ቧንቧው ዝጎ ጭስ ሲያፈስ ከመቀየር ይልቅ መድፈን ቀሎት የሄደ ሰው አለ። ቤንዚኑ በብርድ ቧንቧው ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ይቀር ነበር፣ ምን ያድርግ ሞተሩ!

አይ የሰው ነገር፣ ስለ ሌላው ስህተት ብቻ ብጽፍ ደግሞ ተለማማጄ ይታዘበኛል። ባለፈው ሳምንት የግራውን የፊት ጎማ እየፈታን ነው። ልጁ ቁልፉ ላይ ተንጠልጥሎ አልፈታ አለው።

“ጋሼ፣ ብሎኑ ዝጎ የተጣበቀ ይመስለኛል” አለኝ።

“ዞር በል” ብዬ ረጅሙን ቱቦ ቁልፉ ላይ አጥልቄ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ጣ! ብሎ ተበጠሰ።

ልጁ የተበጠሰውን አንስቶ ጫፉን በጣቱ ጠረገና “ጋሼ፣ ‘ኤል’ የሚል ፊደል አለበት እኮ” አለኝ። ‘ኤል’ በእንግሊዝኛ ‘ግራ’ ለማለት ነው፤ ክራይዝለር እስከ 1970 ድረስ የግራ ጎን ጎማ ብሎኖችን በተቃራኒ ጥርስ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ እንዲፈቱ አድርጎ ነበር የሚሠራቸው፤ ጎማው ሲዞር እንዳይላሉ ተብሎ። ይህንን አውቃለሁ። ለልጁም ራሴ ነበር የነገርኩት።

ሌላም አለ። ካምቢዮው በዘንግ አይደለም የሚሠራው፤ ከመሪው በስተግራ አምስት ቁልፍ አለ፣ እንደ ሊፍት ትጫኑታላችሁ። ከአምስቱ መካከል መኪናውን አቁሞ የሚይዝ የለም። የእጅ ፍሬኑን ካልያዛችሁ እንደ በግ ሄዶ የሥራ ጠረጴዛውን ይገፋል። ስንት ጊዜ እንደገፋ አልናገርም።

የእውነት ጉድለት ከተነሣ ግን ፍሬኑ ነው ትልቁ። ሞተሩ የ1960 ሊቅ፣ ፍሬኑ የ1940 ተማሪ። አራቱም የድሮው የከበሮ ዓይነት፣ ቶሎ የሚግሉ ናቸው፤ ከትልቅ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ካቆማችሁት ሦስተኛው ላይ እግራችሁ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አልሰማሁም ይላል። የ1957ቱ መኪኖች መልካቸው ቢያስደንቅም ተጣድፈው የወጡ ስለነበሩ በዝገት አልቀዋል። በ1958 ደግሞ ቤንዲክስ የሠራውን በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ ቤንዚን መርጫ 300ዲ ላይ እንደ አማራጭ አቀረቡ። አልሠራም፤ ሙቀትና እርጥበት አልቻለም፣ ፋብሪካው እየሰበሰበ በካርቡራተር ቀየራቸው። እዚህ ላይ ግን አትሳቁ፤ ያ ሐሳብ ወደ ጀርመኑ ቦሽ ተሻግሮ ነው ዛሬ ኮፈናችሁ ሥር ያለውን የወለደው። ከኋላ ክዳን ላይ ያስቀመጡትን የውሸት መለዋወጫ ጎማ ደግሞ አሜሪካኖቹ ራሳቸው “የሽንት ቤት ክዳን” ነው የሚሉት። እዚያ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ክንፉን ግን አልሰጠውም፤ የክራይዝለር ቅርጽ አውጪ ቨርጂል ኤክስነር ያወጣው መሥመር ከፊት መብራት ተነሥቶ እስከ ክንፉ ጫፍ ሳይሰበር ይሄዳል፣ እጄን አሳርፌበት አውቀዋለሁ።

ውስጡን ሳልናገር አላልፍም። አራት የተለያየ የቆዳ መቀመጫ፣ በመካከል እስከ ኋላ የሚዘልቅ ኮንሶል። በሩ ሲከፈት የፊት መቀመጫው ሰው ይዞ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ሽማግሌው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አሁን ነው የጠቀመኝ ይላሉ። የፍጥነት መለኪያው በመስታወት ጉልላት ሥር ነው፣ ማታ ደግሞ አምፖል ሳይኖረው ራሱ ቀለሙ ያበራል፣ እንደ ጨረቃ ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ። የማብሪያዋ ሳጥን ስትሞት ግን የሚሠራት ሰው ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ከሲ-300 ቀጥሎ 300ቢ፣ ከዚያ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እያለ ፊደሉ በየዓመቱ ተቀጠለ። በ1963 ከ“ኤች” በኋላ “አይ” መምጣት ሲገባው ዘለሉት፤ ከ“አንድ” ቁጥር ጋር ይምታታል ብለው። 300ጄ ተባለ፣ የተሠራው 400 ብቻ። ከአንድ ዓመት በፊት ግን ፋብሪካው ፊደል የሌለው ርካሽ “300” ማውጣት ጀምሮ ነበር። ስሙን ሁሉም ከገዛው በኋላ ፊደሉን በውድ ማን ይገዛል? በ1965 በ300ኤል አበቃ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተመልሶ መጥቶ እስከ 2023 ካናዳ ውስጥ ሲሠራ ነበር፤ የእሱን ፍርድ ለወጣቶቹ ትቻለሁ።

ፎቶው። “የ1957 300ሲ” ብላችሁ የለጠፋችሁት መኪና 1957 አይደለም። የፊት መብራቶቹን ተመልከቱ፣ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ናቸው። ፍርግርጉ ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል። የኔው 300ኤፍ ፍርግርግ ከታች ነው የሚሰፋው፤ በማግሥቱ ዓመት ገልብጠው አስቀመጡት። ስለዚህ ያወጣችሁት የ1961 300ጂ ነው። ብታርሙት ደስ ይለኛል። የጸሐፊው አድራሻ እናንተ ጋ ስላለ ደግሞ አንድ ነገር ንገሩልኝ፦ ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዥ ክፍት ነው፣ የጭሱም መንገድ ተጠርጓል። ሽማግሌው ፈቅደዋል፤ ከፊት በቀኝ ይቀመጥ። የተበጠሰው ብሎን ምትክ እስከዚያ ከደረሰ፣ ማለቴ ነው። ሻጩ መጀመሪያ የላከልኝ የቀኙን ነው።

አንባቢያችሁ መካኒክ፣
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ